ላፕቶፕም ሰባት ቤት ይቆጠርለታል

ድሮ ልጅ ሲመረቅ በግ ይታረዳል፣ ልጁ ካባውን ለብሶ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው ሳሎን ይሰቀላል፤ አለቀ። የቀረው የመንግሥት ጣጣ ነበር። ምሩቁን የት እንደሚመድብ፣ ምን ወንበር ላይ እንደሚያስቀምጥ፣ በምን እንደሚያጽፍ መንግሥት ያውቅበታል። ዛሬ በጉም ታርዶ፣ ፎቶውም ተሰቅሎ፣ የመውጫ ፈተና የሚሉትም ታልፎ (ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ እንደገና ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ካልተፈተነ ዲግሪ የለም፤ አንዴ መጨረስ አይበቃም ተብሎ ነው) ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ቤተሰቡ ጉባኤ ይቀመጣል። አጀንዳው አንድ ነው፤ ለልጅቷ የምን ብራንድ ላፕቶፕ ይገዛ?

እኛ ቤት ለልጅ ልጄ ጉባኤው የተጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። ዝናቡ አባራ፣ እንቁጣጣሽ አለፈ፣ ደመራ ተቃጠለ፤ ውሳኔ የለም። ሴት ልጅ ስትዳርም እንዲህ አልተመከረ። የምሩቋ አባት፣ ማለትም ልጄ፣ "ዴል!" ይላል፤ ቢሮው የተሰጠው ዴል ስለሆነ ብቻ ነው፤ ሌላ ነክቶ አያውቅም። ጎረቤቴ ቡና ልትጠጣ መጥታ ስኒዋን ሳታስቀምጥ "ኤችፒ ነው እንጂ!" ብላ ደረቷን ትመታለች። እሷ ቤት ላፕቶፕ የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም። ምሩቋ ራሷ በልቧ ማክ ትፈልጋለች፤ ጓደኞቿ ቦሌ ካፌ ተቀምጠው አንድ ማኪያቶ በሦስት ሰዓት የሚጠጡት፣ ጀርባው ላይ የተገመጠች ፖም ያለችበትን ከፍተው ነው። አካውንቲንግ ለጨረሰች ልጅ የተገመጠ ነገር ምን ያደርግላታል? ሙሉ ሙሉውን ብትቆጥር አይሻላትም?

እኔን ግን የጠየቀኝ የለም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በጣቴ የበላሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። የሚኒስትር ንግግር፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ የስንብት ደብዳቤ፣ ስንቱን ያስለቀሰና ስንቱን እልል ያሰኘ ወረቀት በእነዚህ ጣቶች ወጥቷል። የጽሕፈት መኪናችን ኦሊቬቲ ነበር። "ኦሊቬቲ ይሻልሻል ወይስ ሌላ?" ያለኝ የለም፤ ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት፣ ተቀመጥኩ፣ መታሁ። ፊደላችን ከሁለት መቶ በላይ፣ የመኪናው ቁልፍ አርባ ምናምን። እናም ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ነገር ከጀመሩት ዘመን አንስቶ የፊደሉን አካል ለብቻ፣ እግርና ቅጥሉን ለብቻ እየመቱ መገጣጠም ነበር። ዐይኑ ላልለመደ ሰው አንዳንዱ ፊደል ጠጅ ቤት አምሽቶ የመጣ ይመስለው ነበር። ግን መብራት ጠፋ ተብሎ የቆመ ደብዳቤ አልነበረም። ሻማ አብርቶ መቀጠል ነው። ፓስወርድ የለው፣ አፕዴት የለው፣ ባትሪ የለው። ከሪባኑና ከካርቦን ወረቀቱ በቀር የሚያልቅበት ነገር አልነበረም። "ኮኔክሽን የለም" ብሎ ባለጉዳይ የሚመልስ ጸሐፊም አላየሁም። የሚመልስ ሞልቶ ነበር፤ ሰበቡ ግን ሌላ ነበር።

ጉባኤው በብራንድ ሲናከስ እኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኛ ስናድግ ሰው ሲተጫጭ ሰባት ቤት ይቆጠር ነበር። ስሙ አማረ፣ መልኩ አማረ አይባልም፤ የማን ልጅ ነው፣ እናቱ የማን ናት፣ አያቱ ከየት መጣ ይባላል። ታዲያ ላፕቶፕ ከባል ምን ይለየዋል? ይገዛል፣ ይታቀፋል፣ ዋስትና አለው ይባላል፣ ዓመት ሳይሞላው ይሞቃል፣ ይጮኻል። የምሩቋን ስልክ ተቀብዬ መነጽሬን አደረግሁና ዘር ስቆጥር ሰነበትኩ።

ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የጎረቤቴ ኤችፒ በ1939 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ የተወለደ ነው። ሂውሌትና ፓካርድ የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች የማን ስም ይቅደም ብለው ሳንቲም ወረወሩ፤ ሂውሌት ቀደመ። ሳንቲሟ በሌላ ጎኗ ብትወድቅ ኖሮ ጎረቤቴ ዛሬ "ፒኤች ነው እንጂ!" እያለች ደረቷን ትመታ ነበር። የልጄ ዴል ደግሞ በ1984 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ፣ ኦስቲን፣ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ነው የተጀመረው። ጀማሪው ማይክል ዴል ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ። እንግዲህ "ለምሩቅ የሚሆነው እሱ ነው" የሚባለውን ያመጣው ሳይመረቅ የቀረ ልጅ ነው። ይሄን ለልጄ ብነግረው "እማዬ፣ ነጥቡ እሱ አይደለም" አለኝ። ነጥቡ ምን እንደሆነ እስካሁን አልነገረኝም።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ቲንክፓድ የሚሉት፣ መሀሉ ላይ ቀይ ነቁጥ ያለው፣ በ1992 እ.ኤ.አ. ሲወለድ የአይቢኤም ልጅ ነበር፤ በ2005 እ.ኤ.አ. አይቢኤም የኮምፒውተር ሥራውን ለቻይናው ሌኖቮ ሸጦ ልጁን በማደጎ ሰጠው። ኮምፓክን የምታስታውሱ አላችሁ? ስንት መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተኮፍሶ የነበረው ኮምፓክ በ2002 እ.ኤ.አ. ወደ ኤችፒ ገብቶ ቀረ። ሶኒ ቫዮ የሚባለውን ልጁን በ2014 እ.ኤ.አ. ሸጠው። አሱስ የታይዋን ልጅ ነው፤ ስሙ ፔጋሰስ ከሚባለው ባለክንፍ ፈረስ የተወሰደ ሆኖ፣ በፊደል ተራ ወደፊት እንዲመጣ ተብሎ የፊቱ ተቆርጦ ተጣለ። ፈረሱን ያለ ራስ ነው የሚጋልቡት ማለት ነው። ቶሺባማ የሚያሳዝን ነው። ስንቱ የዘመኔ ሹም ሻንጣ ውስጥ የነበረው ቶሺባ በ2018 እ.ኤ.አ. አብዛኛውን የላፕቶፕ ድርሻውን ለሻርፕ ሰጠ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የቀረችውንም ጨመረለት፤ ዛሬ ዳይናቡክ ነው የሚባለው። እኔ የማውቃቸው አንድ ጡረተኛ ግን አሁንም "ቶሺባ ካልሆነ አትግዙ" ይላሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው ለሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጉዱ ግን እናቲቱ ጋ ስደርስ ነው። ለካስ እነዚህ የምንጣላላቸው ስሞች ብዙዎቹ ላፕቶፑን ራሳቸው አይሠሩትም! ኳንታ፣ ኮምፓል፣ ዊስትሮን፣ ኢንቬንቴክ የሚባሉ የታይዋን ኩባንያዎች አሉ፤ በአብዛኛው ቻይና ባሉት ፋብሪካዎቻቸው ለአፕልም፣ ለዴልም፣ ለኤችፒም፣ ለሌኖቮም ይሠራሉ። ሁሉም ለሁሉም ይሠራል ማለቴ አይደለም፤ ሌኖቮም የራሱ ፋብሪካ አለው። ግን ጎረቤቴና ልጄ በስሙ የሚናከሱበት ዕቃ ከአንድ ማኅፀን የወጣ ሊሆን ይችላል። ይሄን በጉባኤው ፊት አነበብኩ። ዝም አሉ። ከዚያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሆነው የምሩቋ ታናሽ ወንድም "ቋንጣ ነው ያልሽው እማማ?" ብሎ ሳቀ፤ በዚያው ወሬው ወደ ቋንጣ ፍርፍር ዞረ። የተማረ ቤተሰብ ነው ይሉናል።

አንድ እናት ከወለደቻቸው ውስጥ ደግሞ ጎበዝም ሰነፍም አለ። ኤችፒ ኤሊትቡክ የሚባል ለቢሮ ሥራ ብሎ የሚያወጣው አለው፣ ለቤት ብሎ በርካሽ የሚያወጣውም አለው። ዴል እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ላቲቲዩድ ነበረው፣ ኢንስፓይሮን ነበረው። ሌኖቮ ቲንክፓድ አለው፣ አይዲያፓድ አለው። በቢሮዎቹና በርካሾቹ መካከል ያለው ልዩነት ከብራንድ ብራንድ ካለው ይሰፋል። የቢሮዎቹ ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው፤ ክዳኑን በአንድ ጥግ ይዞ ሲከፍቱት ሲጢጥ አይልም። ጀርባቸው በብሎን ይከፈታል፣ ባትሪያቸው ይቀየራል። የአውሮፓና የአሜሪካ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሦስት አራት ዓመት ተጠቅመው ይጥሏቸዋል፤ ነጋዴ ይሰበስባቸዋል፣ ብዙውም በዱባይ በኩል ይመጣልናል። ብዙ ስለሚመጣ መለዋወጫው አይጠፋም፤ አንዱ ሲሞት ለሌላው ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን፣ ማጠፊያውን አውርሶ ይሞታል። ሰፈራችን ያለው ጠጋኝ፣ እጁ ወርቅ የሆነ ልጅ፣ "እማማ፣ እኔ ብራንድ አላውቅም፤ ከፍቼ የምዘጋውንና ከፍቼ የማለቅስበትን ነው የማውቀው" ብሎኛል። ከጉባኤው ሁሉ አንድ ቁም ነገር የተናገረ እሱ ነው፤ ያውም አልተጋበዘም።

ይሄን ታጥቄ ከምሩቋ ጋር መገናኛ ወረድኩ። ፎቅ ላይ ፎቅ፣ ሱቅ አጠገብ ሱቅ፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው የከፈተው ዘፈን ብቻ ነው። አንዱ ልጅ ጸጉሩን እያበጠረ "ማዘር፣ ግቡ! ምን ልታዘዝ?" አለ። ማዘር! የእናት ስም ጠፍቶ ነው? ለገበያ ስል ዋጥኩት።

"ኮር አይ ሰቨን ነው ማዘር፣ ስላሽ ነው፣ ጭረት የለውም፣ ከዱባይ ትናንት የገባ።"

"ስንተኛ ትውልድ ነው?" አልኩት።

ፀጥ አለ። ምሩቋን አያት። እሷ ጣሪያውን አየች።

"ጄኔሬሽኑን ነው?" አለ በመጨረሻ። "እሱ ብዙም ለውጥ የለውም ማዘር። አይ ሰቨን አይ ሰቨን ነው።"

ይሄን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። አይ ሰቨን ማዕረግ እንጂ ዕድሜ አይደለም። ትውልዱ ያለው ከስሙ ቀጥሎ ባለው ቁጥር ላይ ነው፤ 4600 ካለ አራተኛ፣ 8250 ካለ ስምንተኛ፣ 1135 ካለ አሥራ አንደኛ ትውልድ ነው። አራተኛው ትውልድ ላይ ለቀጫጭን ላፕቶፖች የተሠራው አይ ሰቨን ሁለት ኮር ነው ያለው፤ የስምንተኛው ትውልድ ብጤው አይ ፋይቭ አራት አለው። ጡረታ የወጣ ኮሎኔል ከወጣት መቶ አለቃ ጋር ሩጫ ገጥሞ ማዕረጉ አያስቀድመውም። ደግሞ እዩት እንግዲህ፦ ማይክሮሶፍትም እንደኛ ሰባት ቤት ይቆጥራል! ዊንዶውስ 11 የሚሉት፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የኢንቴልን እስከ ሰባተኛ ትውልድ ያለውን አልቀበልም ብሏል፤ ከስምንተኛ ወዲህ ነው የሚያገባው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ካህናቱ እንኳ ለጋብቻ እንዲህ አላጠበቁም። ይሄን ሁሉ ለልጁ ስነግረው ማበጠሪያውን አስቀመጠ።

"ማዘር አይቲ ናቸው እንዴ?" ብሎ ምሩቋን ጠየቃት።

"ጸሐፊ ነኝ" አልኩት ራሴ።

ከዚያ ክዳኑ አጠገብ የተለጠፈችውን የሚያብረቀርቅ ወረቀት አሳየኝ፤ አይ ሰቨን ይላል። ወረቀት እኔን ያሳምናል? በዕድሜዬ ያላየሁት ማኅተም የለም። መለጠፍ የሚችል እጅ ሁሉ ይለጥፋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ፣ ሲስተም ብሎ፣ አባውት የሚለውን ሲከፍቱ ኮምፒውተሩ ራሱ ማንነቱን ይናገራል። ምሩቋን "ክፈቺ" አልኳት፣ ከፈተች፤ አራተኛ ትውልድ ሆኖ ተገኘ። ልጁም አላፈረ። "እሱ ለማዘር አይሆንም" ብሎ ሌላ አወጣ።

ሌላው ፓክድ ነው፤ ከነካርቶኑ፣ ከነላስቲኩ። ምሩቋ ዐይኗ በራ፤ የላስቲክ ፍቅር ያለበት ትውልድ ነው። ማስቀመጫው ስንት ነው ብለን ብንጠይቅ 64 ጊጋ። ዊንዶውስ 11 ራሱ ለመግባት ቢያንስ 64 ጊጋ ይጠይቃል! ታዲያ ልጅቷ ፋይሏን የት ልታስቀምጥ ነው፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ? ራሙ ደግሞ አራት፣ እሱም ከቦርዱ ጋር የተበየደ፤ አይጨመርበት፣ አይቀነስበት። ስምንት ጊጋ ለመነሻ፣ አሥራ ስድስት ለኑሮ ነው፤ ማስቀመጫው ኤስኤስዲ ሆኖ 256 ከሆነ ይበቃታል። አዲስ መሆኑ ብቻውን ምን ይሠራል? አዲስ ነገርማ ስንት አይተናል።

ያንን ትተን ሌላ ሱቅ ገባን፣ ሦስተኛው ሱቅ ላይ ደህና ነገር አገኘን። ባትሪውን ግን ማመን የለም። ሻጭ ሁሉ "አራት ሰዓት ይይዛል" ነው የሚለው፤ ተማክረው የወሰኑት ቁጥር ይመስላል። ጠጋኙ ልጅ መላውን አስተምሮኝ ነበር፦ ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ ፓወርሲኤፍጂ፣ ከዚያ ባትሪሪፖርት ብሎ ማዘዝ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ገጽ ያወጣል፤ ባትሪው ሲሠራ ስንት ይይዝ እንደነበር፣ ዛሬ ሲሞላ ስንት እንደሚይዝ ሁለቱን ጎን ለጎን ይጽፋል። የእኛው ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። ሻጩ "መብራት ካለ ምን ችግር አለው?" አለ። መብራት ካለ! ይሄን ሲል ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ ሻጩም ቆይቶ ገባውና ሳቀ። አዲስ ባትሪ አስገብቶ፣ ሪፖርቱን ደግመን አውጥተን፣ ቁጥሩ ሲስተካከል ነው ወንበር ላይ የተቀመጥኩት።

ኪቦርዱን ሳይ ደግሞ እግዚኦ አልኩ። ከዱባይ የመጣ ስለሆነ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ ዓረብኛ ተጽፎበታል። የእኛ ሀ ሁ የለችም። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ለአዲስ አበባ ልጅ፣ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ ሁለት ቋንቋ ሲያውቅ የባለቤቱን አያውቅም። ሱቅ ለሱቅ ስንዞር ግዕዝ የተቀረጸበት ቁልፍ አላየንም። ልጆቹ "ፎኔቲክ ነው፣ በላቲን ትጽፊያለሽ፣ በአማርኛ ይወጣል" ይሉኛል። ይወጣል፤ አልካድኩም። ድሮማ የባሰ ነበር፤ የአማርኛ ሶፍትዌሩ በዝቶ አንዱ በሌላው የማይነበብበት ዘመን ነበር። እኔ ጋ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ቢሮ ሲከፈት ድመት የተራመደችበት ይመስል ጭረት ብቻ ይሆን ነበር። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ቀስ በቀስ ከዚያ ተገላገልን። ለዚህ የደከሙትን ሰዎች የሚያነሳ የለም፤ ጉባኤያችን የሚያውቀው የብራንድ ስም ነው። ምሩቋ ለአማርኛዋ እንኳ ሳትጠይቅ ልትወጣ ነበር። ጣቷ የለመደው ላቲን ነው፣ ምን ታድርግ።

ይሄን ተደራድረን ልንጨርስ ስንል ቨርጂኒያ ያለው ሁለተኛው ልጄ በዋትስአፕ ደወለ። "እማዬ፣ እንዳትገዙ! ማክ እልክላታለሁ፣ የሚመጣ ሰው አለ።" ቨርጂኒያ ሁልጊዜ የሚመጣ ሰው አለ። ምሩቋ እዚያው ሱቅ መሀል ልትዘል ነበር። እንግዲህ ልጄን ላለማስቀየም ያን ማክ ደግሞ ዘሩን ቆጠርኩለት። ስሙ ቢከብደኝም ይመሰገናል፤ ከኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፕል ኢንቴልን ትቶ ኤም1 የሚል የራሱን ቺፕ አስገብቶበታል፣ ባትሪው ቀን ሙሉ ይሠራል፣ ኤር የሚሉት ማራገቢያ እንኳ የለውምና አይጮኽም። መብራት ለሚጠፋበት ሀገር ከዚህ የሚሻል ዕቃ መፈለግ ይከብዳል።

ግን ልጅቷ አካውንታንት ናት! የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ አንብቡ፤ "ፒችትሪ የምትችል" ይላል። ፒችትሪ ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ቆይቷል፣ የሀገራችን ቀጣሪ ግን ስም መቀየሩን የሰማ አይመስልም። ይሄ ፒችትሪ ዊንዶውስ ላይ ነው የሚሠራው፤ ማክ ላይ አይጫንም። "እማዬ፣ በማክ ውስጥ ዊንዶውስ ማስገባት ይቻላል፣ መላ አለው" አለኝ ልጄ። የድሮዎቹ ማኮች ቡትካምፕ የሚባል በር ነበራቸው፤ አዲሶቹ ላይ ያ በር ተዘግቷል፤ የቀረው መላ ሌላ ሶፍትዌር ገዝቶ፣ በሱ ላይ ሌላ ዊንዶውስ ጭኖ፣ በሱ ላይ ደግሞ ፒችትሪ እሺ ይል እንደሆን ማየት ነው። ልጅቷ ሥራ ሳትይዝ እንዲህ ያለ ሥራ ይሰጣታል? "ማኩን ተወው፣ ብሩን ላክ" አልኩት። ኔትወርኩ ያን ጊዜ ተቋረጠ። የኔትወርክ ነገር አንዳንዴ ሰው ይመስላል፤ የሚቋረጥበትን ጊዜ ያውቃል።

ብሩ ባይመጣም አልፈረድኩበትም፤ የላፕቶፕ ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዶላሩ በገበያ ይወሰን ተብሎ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ዘለለ። ላፕቶፕ እዚህ የሚሠራ ዕቃ አይደለም፤ ከዶላሩ ጋር አብሮ ዘለለ። እኔ ጡረታዬን ይዤ ቆምኩ። የዕቁቤ ተራ ያን ወር ባይደርስ ኖሮ ምሩቋ ዛሬም ካፌ ተቀምጣ የሰው ፖም እያየች ነበር።

የቻርጀሩ መሰኪያ ደግሞ ባለሦስት ጥርስ ሆኖ ተገኘ፤ ከዱባይ የሚመጣው ብዙው የእንግሊዝ ዓይነት ነው። የእኛ ግድግዳ ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው ያለው። ቻርጀሩ ራሱ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይችላል፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ ጣጣው ያለው ጥርሱ ላይ ነው። ሻጩ "አዳፕተር ይግዙ፣ ከደረጃው ሥር አለ" አለን። ከደረጃው ሥር ያለው አዳፕተር ሲሰኩት ብልጭ፣ ሲነቅሉት ብልጭ። መብረቅ ተከራይቼ ቤቴ አላስገባም አልኩና ሽቦውን ብቻ በባለሁለት ጥርስ አስቀየርኩት፤ ከላፕቶፑ ዋጋ አንጻር ሳንቲም ነው። ይሄን ግን በጉባኤው ያን ሁሉ ወር ያነሳው ሰው የለም። ዴል ነው፣ ኤችፒ ነው፤ ግድግዳው ላይ ይገባል ወይ ያለ የለም!

ዋስትናውን አልነግራችሁም። ደረሰኙ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ "6 ወር" ተብሎ ተጻፈልን፤ ከሥሩ ደግሞ ውኃ፣ መውደቅ፣ መብራት፣ ሶፍትዌር፣ ስክሪን፣ ባትሪ እና ቻርጀር አይመለከትም የሚል ተጨመረ። ታዲያ ምኑን ነው የሚመለከተው? ላም አለኝ በሰማይ ነው። ማኅተም አስደረግሁበት እንጂ፤ ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዤ ቤቴ ገብቼ አላውቅም።

ገዛን። ከቢሮዎቹ ወገን ነው፣ ስምንተኛ ትውልድ፣ አሥራ ስድስት ጊጋ ራም፣ ባትሪው አዲስ፣ ማጠፊያው ሲጢጥ የማይል። የትኛው ብራንድ እንደሆነ ግን እዚህ አልጽፍም፤ ጎረቤቴ ታነበዋለች። ጀርባው ላይ ያለውን ስም ምሩቋ አበባ በተሣለበት ተለጣፊ ሸፍናዋለች፤ ልጄ ዴል ይመስለዋል፣ ጎረቤቴ ኤችፒ ይመስላታል፣ ሁለቱም "ብያችሁ ነበር" ብለውኛል።

ምሩቋ ሲቪዋን በሱ ጻፈች፣ ማመልከቻዋን በሱ ላከች። "ዜሮ ዓመት ልምድ" የሚል ማስታወቂያ ፈልጋ፣ እዚያ ስትደርስ "ሁለት ዓመት የሠራ ይመረጣል" ተብላ፣ ተመላልሳ፣ ተመላልሳ፣ በስተመጨረሻ አንድ አስመጪ ድርጅት ገባች። እልል አልን። በመጀመሪያው ቀን ላፕቶፗን በአዲስ ቦርሳ አንግታ ሄደች። ማታ ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነው።

"ምነው?" አልኳት።

"የግል ላፕቶፕ ይዞ መግባት ክልክል ነው አሉኝ እማማ። ለመረጃ ደኅንነት ነው አሉ።"

"ታዲያ በምን ትሠሪያለሽ?"

"ዴስክቶፕ ሰጡኝ። ስሙ ተፍቋል፣ ምን እንደሆነ አይታወቅም። የተጫነው ፒችትሪ 2010 ነው።"

2010 የፈረንጆቹ ነው። እሷ ያኔ ፊደል ስትቆጥር ነበር። ያን ሁሉ ትውልድ የቆጠርንለት፣ አሥራ ስድስት ጊጋ ራም የተሟገትንለት ፕሮግራም ማንኛውም ሸክላ ላይ ይሠራል። ወሩ ሲያልቅ ደመወዟን አምጥታ ሰጠችኝ፤ መረቅኋት፣ ግማሹን መለስኩላት፣ ግማሹን ለዕቁቤ ያዝኩ።

ላፕቶፑ ቤት ዋለ። ወንድምየው ሳይጠይቅ ጌም ጭኖበት፣ ቀኑን ሙሉ ሲተኩስበት ውሎ፣ ማታ እያገላበጠ ወደ እኔ መጣ።

"እማማ" አለ፣ "ይንቀራፈፋል እኮ። ብራንዱ ነው።"